ሞተሪኖውን ከመቀየሬ በፊት የለካሁት
መኪናዬ ዕድሜ ጠገብ ናት። ጠዋት ደህና ትነሳለች። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን ቁልፉን ሳዞር አንዳንዴ እያቃሰተች በዝግታ ትዞራለች፣ አንዳንዴ «ጠቅ» ብላ ትቀራለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ድምፅ የለም። ያማከርኳቸው ሁሉ «ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር) አልቋል፣ ቀይረው» አሉኝ። ሊሆን ይችላል። ሳይለኩ ዕቃ መቀየር ግን አይዋጥልኝም። ቴስተሬን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ አንስቼ ጀመርኩ።

ከቴስተር በፊት ጆሮ ይቀድማል። «ጠቅጠቅጠቅ» እያለ በፍጥነት ከተደጋገመ ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው ላልቷል ብዬ እጠረጥራለሁ። አንዴ ብቻ ጠንከር ብሎ «ጠቅ» ካለ ሶሌኖይዱ (የባትሪውን ኃይል ከሞተሪኖው ጋር የሚያገናኘው ማግኔታዊ ማብሪያ) ሠርቷል፤ ችግሩ ወፍራሞቹ ገመዶች ወይም ሞተሪኖው ራሱ ጋ ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ ከቁልፉ ወደ ሶሌኖይዱ የምትሄደውን ቀጭን ሽቦ እከተላለሁ። ማርሽ ባዶ ካልሆነ ወይም ፍሪሲዮን ካልተረገጠ እንዳይነሳ የሚከለክል ማብሪያ ያላቸው መኪኖችም አሉ፤ እሱም መታየት አለበት።

ባትሪው አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ነበር፤ ሙሉ ነው። ሞተሩ እንዳይነሳ ለኮይሉ (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጠው ክፍል) ኃይል የሚወስደውን ሽቦ ነቀልኩ፣ ማርሹን ባዶ አደረግኩ፣ የእጅ ፍሬን ያዝኩ። ጓደኛዬ ቁልፉን ሲያዞርልኝ ባትሪው 10.8 ላይ ቆመ። ከ9.6 በታች ቢወርድ ኖሮ መጀመሪያ ባትሪውን ነበር የምፈትሸው።

ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ብዙ ሰው ገመድ የሚፈትሸው ምንም ሳይሠራ፣ በኦህም (በኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ነው። ለሞተሪኖ ገመድ ይሄ አያዋጣም። ሞተሪኖ ሲዞር ከ100 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። በ100 አምፔር 0.01 ኦህም ብቻ 1 ቮልት ይበላል፤ ተራ ቴስተር ደግሞ ይህችን በትክክል አያነባትም። ስለዚህ ገመዱ ሥራ ላይ እያለ በቮልት መለካት ነው።

አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን የሞተሪኖው ወፍራም ገመድ የሚታሰርበት ብሎን ላይ አደረግኩ። ቁልፉ ሲዞር 0.2 ቮልት አነበበ። እስከ 0.5 ድረስ አልጨነቅም። ከኔጌቲቩ ራስ ወደ ሞተሪኖው አካል ስለካ ግን 2.1! እዚህ ከ0.3 ባያልፍ ነበር የሚሻለው። ከ10.8 ውስጥ ሞተሪኖው ጋ የሚደርሰው 8.5 ብቻ ነው ማለት ነው።

ችግሩ ማሳው ላይ፣ ማለትም ኃይሉ በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ በሚመለስበት መስመር ላይ መሆኑ ታወቀ፣ ግን የትኛው ቦታ? ቴስተሩን ከአንዱ መጋጠሚያ ወደ ቀጣዩ አሻገርኩ። ከባትሪው ራስ እስከ ገመዱ ጫፍ ድረስ የሚጠፋው ትንሽ ነው። ከገመዱ ጫፍ ወደ ሞተሩ ብረት ሲሻገር ነው የሚጠፋው። ብሎኑ ጥብቅ ነው፣ ከውጭም ንጹህ ይመስላል። ኔጌቲቩን ከባትሪው ላይ አስቀድሜ ፈትቼ ብሎኑን ሳወጣው ከሥሩ ዝገት አገኘሁ። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ አጥብቄ አሰርኩት፣ ከላይ ግሪስ ቀባሁት። ዳግም ሲለካ 0.1 ሆነ። ሞተሩ ሞቆም እንኳ በደንብ መዞር ጀመረ።

ዝም ማለቷ ግን አልፎ አልፎ ቀጠለ። ይሄ ሌላ ብልሽት ነው፤ ሁለት ችግር ተደራርቦ ሲመጣ አንድ ይመስላል። ዝም ስትል የሶሌኖይዱን ቀጭን ሽቦ ለካሁ፤ 8 ቮልት አካባቢ ነው። ወደ ቁልፉ የሚገባው ከ12 በላይ፣ ከቁልፉ የሚወጣው 8። በብዙ አሮጌ መኪኖች የሶሌኖይዱ ኃይል በሙሉ በቁልፉ ውስጥ ያልፋል፤ ከዓመታት በኋላ ውስጡ ያሉት መገናኛዎች ይቃጠላሉ። የቁልፉን ማብሪያ ቀየርኩ፣ ሪሌም (በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቅ ኃይል የሚያገናኝ ማብሪያ) ጨመርኩ። አሁን ቁልፉ የሚያዘው ሪሌውን ብቻ ነው፤ ሶሌኖይዱ ኃይሉን የሚያገኘው ከባትሪው በፊውዝ በኩል ነው። የማሳውን ገመድ ደግሞ ዘይት በቀየርኩ ቁጥር ሞተሪኖው እየዞረ እለካዋለሁ።