አሮጌ ባርኔጣ ስገዛ መጀመሪያ የማየው ቆዳውን ነው

ከተጠላለፈ ጠጉር የሚሠራውን አሮጌ የፌልት ባርኔጣ ሲያነሣ ሰው ሁሉ ዓይኑ ቀለሙና ክንፉ ላይ ያርፋል። እኔ መጀመሪያ ገልብጬ ውስጡን አያለሁ። ግንባር ላይ የሚያርፈው፣ ዙሪያውን የተሰፋው ስስ ቆዳ ደኅና ከሆነ ለቀረው ሁሉ መላ አለው። የተጨማደደ ፌልት በእንፋሎት ይቃናል፤ አቧራ በብሩሽ ይወጣል፤ ጥብጣብ ይቀየራል። ውሃ ጠጥቶ ፀሐይ ላይ የደረቀ ቆዳ ግን አንዴ ካጠረ አይመለስም። ፌልቱንም ይዞት ይሰበሰባል፤ ልኩ 57 ሴንቲ ሜትር የነበረው ባርኔጣ 55 ይሆንና አናት ላይ ቁጢጥ ይላል።

ድሬዳዋ ላይ ይሄ ይብሳል። ሙቀቱ ላብ ያመጣል፤ ደረቁ አየር ላቡን ቶሎ ያተነዋል፤ ጨዉ ግን ቆዳው ላይ ይቀራል። ጨው ሲጠራቀም ቆዳው ቅባቱን ያጣና እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰነጠቃል። እዚህ ከተማ ባርኔጣ የሚያረጀው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው።

ከተማችን ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ከደረሰ ጀምሮ የውጭ ሰው የበዛባት ስለነበረች የአውሮፓ ባርኔጣ እንግዳዋ አይደለም። ከአሮጌ ቤት ሳጥን የሚወጣ አለ፤ ታይዋንና ቀፊራ በሚባሉት ገበያዎቻችን ቦንዳ ሲፈታ ከሳልባጁ መሐል የሚገኝም አለ። ከቦንዳ የወጣው ተጨፍልቆ ስለሚመጣ ብዙ ሰው ይንቀዋል። መጨፍለቁ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ከሳጥን የወጣው፣ መልኩ ያማረው ነው፤ ብል ያለው እሱ ጋ ነው።

ለመግዛት ስወጣ የልብስ ሰፊ ሜትርና የስልኬ መብራት ይበቁኛል። ቆዳውን ቀስ ብዬ ወደ ውጭ እገለብጠዋለሁ። ሳይንኮሻኮሽ ከታጠፈ በሕይወት አለ። ነጭ የጨው መስመር ብቻ ከሆነ ችግር የለውም። ግንባር የሚነካው ቦታ ጠቁሮ እንደ ካርቶን ከደረቀ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሰነጠቃል ብዬ ነው የምደራደረው። ስፌቱ መላቀቁ ጉዳት አይደለም፤ እንዲያውም ቆዳው ሳይቀደድ ክሩ መበጠሱ መልካም ነው።

ቀጥሎ መብራቱን ባርኔጣው ውስጥ አስገብቼ ከውጭ አያለሁ። የመርፌ ቀዳዳ የሚመስል ብርሃን ካየሁ ብል በልቶታል። ላዩን ብቻ የተላጨ የሚመስል ጠመዝማዛ መስመርም የእሱ ሥራ ነው። ሦስተኛው የማየው ቦታ ፊት ለፊት በሁለት ጣት የሚያዘው እጥፋት ነው። እዚያ ላይ ፌልቱ ሳስቶ ከሆነ አልገዛም፤ የሚጠገንበትን መንገድ አላገኘሁም።

ፌልት የተሸመነ ጨርቅ አይደለም፤ ጠጉር በሙቅ ውሃ፣ በእንፋሎትና በማሸት እርስ በርሱ ተጠላልፎ የሚጠነክር ነው። ከጥንቸል ወይም ከቢቨር ጠጉር የተሠራው ስስ፣ ጥቅጥቅ ያለና ለስላሳ ነው፤ ክንፉን አጠፍ አድርገው ሲለቁት ይመለሳል። ከበግ ሱፍ የተሠራው ወፈር፣ ሸከር ይላል፤ ዝናብ ከመታው ይሰበሰባል፤ ቅርጹንም ቶሎ ይለቃል። ጠብታ ውሃ መሞከር ይረዳል፦ በጥንቸል ጠጉር ላይ ጠብታው ኳስ ሆኖ ይቆያል። ብቻውን ግን አይበቃም፤ አቧራ የጠጣ ጥሩ ባርኔጣም ውሃውን ሊመጥ ይችላል።

ስም ዋጋ እንዲያስጨምረኝ አልፈቅድም። ቦርሳሊኖ እ.ኤ.አ. በ1857 አሌሳንድሪያ ጣሊያን፣ ስቴትሰን በ1865 ፊላዴልፊያ አሜሪካ የተመሠረቱ ናቸው፤ ሁለቱም ስማቸውን በቆዳው ላይ በወርቅማ ቀለም ያትማሉ። የጣሊያኑ ደግ ነው፣ የአሜሪካው ደግ ነው፤ ቆዳው የሞተ ቦርሳሊኖ ግን ቆዳው ደኅና ከሆነው ስም የለሽ ባርኔጣ አይበልጥም።

ቁጥሩን ከምልክቱ አላነብም፤ ቆዳው ካጠረ ምልክቱ ይዋሻል። ሜትሩን በቆዳው ውስጥ ዙሪያውን አስይዤ እለካለሁ። ራሴን የምለካው ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብዬ፣ ከጆሮ በላይ አዙሬ ነው። የአሜሪካ 7 1/8 ማለት 57 ሴንቲ ሜትር፣ 7 1/4 ማለት 58፣ 7 3/8 ማለት 59 ነው። የእንግሊዝ ቁጥር በአንድ ስምንተኛ ስለሚያንስ የእነሱ 7 ነው 57 የሚሆነው። ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰው ጠባብ ይገዛል። በሻሽ ላይ መድፋት የሚፈልግ ሰው ደግሞ፣ አፄ ምኒልክ በፎቶግራፎቻቸው በነጭ ሻሽ ላይ ሰፊውን ባርኔጣ እንደደፉት፣ ራሱን ሻሹን አስሮ ይለካ።

ሰፊ ባርኔጣ ግዙ፣ ጠባብ አትግዙ። ሰፊውን ማጥበብ ቀላል ነው፦ ከቆዳው ኋላ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፌልት ወይም የታጠፈ ጋዜጣ ረጅም ቁራጭ ዙሪያውን ከገባ ልኩ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ግንባርና ማጅራት ላይ ብቻ ከሆነ የሚያጠብቀው ርዝመቱን፣ ጆሮ በላይ ብቻ ከሆነ ወርዱን ነው። ራሱ ሞላላ የሆነ ሰው ጎንና ጎኑን ይሙላ።

የገዛሁትን ባርኔጣ ከሌሎቹ ጋር ከማስቀመጤ በፊት ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ አስገባዋለሁ። በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ፣ አየሩን አስወጥቼ፣ አፉን በፕላስተር አሽጌ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ አንድ ሳምንት። ብሉም እንቁላሉም የሚሞተው ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ሲቆይ ነው፤ መብራት ለግማሽ ቀን ከጠፋ ቆጠራውን ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። የተራ ፍሪጅ በረዶ ቤት ብዙ ጊዜ እዚህ ቅዝቃዜ ስለማይደርስ አላምነውም። ሳወጣው ከረጢቱን ሳልከፍት አንድ ቀን አቆየዋለሁ፤ ቶሎ ከተከፈተ ጤዛው ፌልቱ ላይ ይወርዳል፣ ካልተከፈተ ከረጢቱ ላይ።

ስለ ጤና አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው አቅልሎ ያየዋልና። በድሮ ጊዜ የጥንቸል ጠጉር በሜርኩሪ ጨው ይታከም ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ባርኔጣ ላይ ቅሪቱ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ብሩሽም፣ ብርጭቆ ወረቀትም፣ እንፋሎትም በረንዳ ላይ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ እጅም በሳሙና ታጥቦ።

ጽዳት አጭር ነው። አቧራውን ለስላሳ የፈረስ ጭራ ብሩሽ ያወጣዋል፤ ከላይ ሲታይ የአብዛኛው ባርኔጣ ጠጉር የተኛው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ስለሆነ ብሩሹም ወደዚያው ይሄዳል። ባርኔጣው እርጥብ ሳለ በብሩሽ አልነካውም፤ የድሬዳዋ አቧራ ከረጠበ ጭቃ ሆኖ ወደ ውስጥ ይገባል። የቅባት ምልክት ላይ የበቆሎ ስታርች ነስንሼ አሳድርና አራግፈዋለሁ። የጠቆረና የደደረ ቦታ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሦስት አራት ጊዜ ቀለል ተደርጎ ይታሻል፤ ከዚያ ካለፈ ይላጫል። ቤንዚን አትንኩ። ሽታው አይለቅም፣ ቆዳውን ያደርቃል፣ እሳትም ይጠራል።

ቅርጽ ለማውጣት ማንቆርቆሪያ በቡታጋዝ ላይ አፈላለሁ፤ ከሰል ላይ ካፈላሁ ፌልቱ ጭሱን ይጠጣል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃው 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ለፌልቱ ይበቃል፣ ለእርጥብ ቆዳ ግን በጣም ብዙ ነው። ሁለት ባርኔጣ ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው፦ እንፋሎቱን ከውስጥ በኩል ሰጠሁ፣ ቆዳው ተሰበሰበ። አሁን ሁልጊዜ ከውጭ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ለ30 ሰከንድ ያህል፣ እጥፋት የምፈልገው ቦታ ላይ ብቻ። ከዚያ የመዳፌን ጎን አናቱ ላይ ጫን አድርጌ መሐሉን አጎደጉዳለሁ፣ ፊቱን በሁለት ጣት ቆንጠጥ፣ እስኪቀዘቅዝም ይዤ እቆያለሁ። ሳይቀዘቅዝ የለቀቁት ቅርጽ ይመለሳል። የተጨፈለቀ ክንፍ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ካውያ ተይዞ ይቃናል፤ ካውያው ፌልቱን በቀጥታ ከነካው ጠጉሩ ያብለጨልጫል።

ቆዳው ሞቶ ፌልቱ የሚያስቆጭ ሲሆን ቆዳውን እቀይራለሁ፤ ከሁሉ የሚክሰኝ ሥራ ይሄ ነው። ፋብሪካዎቹም ለዚህ ብዙ ጊዜ የተጠቀሙት የበግ ቆዳ ነው፤ የእኛ አገር የበግ ቆዳ ደግሞ በስስነቱና በጥንካሬው ለጓንት በዓለም የሚፈለግ ነው። ከቆዳ ሠሪ የምጠይቀው የለሰለሰ፣ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነው። መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ አርጥቤ አሸዋለሁ፤ ቀለም ከለቀቀ ነገ ግንባሬ ላይ ይለቃል። የምቆርጠው በጀርባው አቅጣጫ፣ ከአንገት ወደ ጭራ ነው፤ በሆድ በኩል በአግድም የተቆረጠ ይለጠጥና በወር ውስጥ ባርኔጣው ይሰፋል። ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ የምፈልገው ልክ ራሱ፤ ለ58 ባርኔጣ 58። ጫፍና ጫፉን አላደራርብም፣ ማጅራት ላይ ይቆረቁራል። አገጣጥሜ ከኋላው 2 ሴንቲ ሜትር ጥብጣብ እሰፋበታለሁ።

በቆዳው ታችኛ ጠርዝ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የጥጥ ጥብጣብ በመኪና ይሰፋል። ይህን የትኛውም ልብስ ሰፊ ይሠራዋል፤ ሐረር ስሄድ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ አሠራለሁ። የምነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የቆዳ መርፌ ይሁን፣ ስፌቱም 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ይራራቅ። ከተጠጋጋ ቆዳው እንደ ቴምብር ጠርዝ በቀዳዳዎቹ ይቀደዳል።

የቀረው የእጅ ነው፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አሮጌውን ክር በትንሽ መቀስ እየቆረጥኩ አወጣለሁ፣ ፌልቱን ሳልጎትት። ባርኔጣውም ቆዳውም ላይ አራት ቦታ በኖራ ምልክት አደርጋለሁ፦ ግንባር፣ ማጅራት፣ ቀኝ፣ ግራ። አራቱን ነጥቦች መጀመሪያ በአንዳንድ ስፌት አስይዤ ከዚያ ሩቡን በሩብ እሞላለሁ። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ዝም ብሎ የዞረ ሰው መጨረሻ ላይ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቆዳ ይተርፈዋል፣ ያም ይጨማደዳል። መርፌው በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ይግባ፤ አዲስ ቀዳዳ ፌልቱን ያዳክማል። ከውጭ የጌጡን ጥብጣብ በጣት ከፍ እያደረግሁ ስፌቱ ከሥሩ እንዲደበቅ አደርጋለሁ።

ጥብጣቡ ራሱ ካረጀ 1 ሜትር ይበቃል። ጥጥ ያለበትን ፈልጉ፤ እርጥብ ሆኖ በካውያ ሲጎተት ይጎብጣል፣ የባርኔጣውንም ዙሪያ ይከተላል። ፖሊስተሩ አይጎብጥም፣ ላይኛው ጠርዙም ከፌልቱ ይርቃል።

ከዚያ ወዲያ ያለው የዘወትር አያያዝ ነው። እዚህ ሽማግሌ ሰላም የሚባለው ባርኔጣ አንሥቶ ነው፤ ከከዚራ ሰፈር መጋላ ሰፈር እስኪደረስ ስንት ጊዜ! ይህን ባሕል እወደዋለሁ፣ እጥፋቱን የሚበጥሰው ግን እሱ ነው፤ እጅ ሳያስብ ወደ ፊተኛው ቁንጥጫ ይሄዳል። በግራ እጄ የኋላውን ክንፍ ይዤ አነሣለሁ፤ ቀኜ ለመጨበጥ ነፃ ይሆናል። ባጃጅ ውስጥ ጣሪያው ዝቅ ስለሚል ባርኔጣው ጉልበቴ ላይ በአናቱ ይቀመጣል። በክንፉ ካስቀመጡት ክንፉ ይዘረጋል፤ ሚስማር ላይ ከሰቀሉት አናቱ ላይ ጉብ ያወጣል። አንዳንድ አሮጌ ባርኔጣ ጥብጣቡ ላይ የተጠቀለለ ስስ ላስቲክ ክርና ትንሽ ቁልፍ አለው፤ ጌጥ አይደለም፣ ከኮት ቁልፍ ቀዳዳ ጋር የሚታሰር የነፋስ መያዣ ነው። ቆርጣችሁ አትጣሉት።

ደንገጎ ዳገት ላይ ዝናብ ከመታው ቤት ስደርስ ቆዳውን ወደ ውጭ ገልብጬ፣ ቅርጹን በእጄ መልሼ፣ በተገለበጠው ቆዳ ላይ አቆመዋለሁ፤ ጥላ ውስጥ፣ አንድ ሙሉ ቀን። ፀሐይም፣ የተዘጋ መኪናም፣ የእሳት አጠገብም አይሆንም።

በግንቦትና በሰኔ ሦስት ባርኔጣ አፈራርቃለሁ፣ አንዱ ሲለበስ ሁለቱ እንዲደርቁ። በእነዚያ ወራት ገበሩን አወጣለሁ፣ ነጣ ያለውንና ስሱን እመርጣለሁ። ማታ ማታ ቆዳውን ውሃ በነካው ጨርቅ ጠረግ አድርጌ ጨዉን አነሣለሁ፤ በሦስት ወር አንዴ ደግሞ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቀለም አልባ የቆዳ ክሬም፣ ቅባቱ ወደ ፌልቱ እንዳይሻገር ከቆዳው ኋላ ወረቀት አስገብቼ።