ከመቀየር በፊት መመርመር

ዛሬ የእህቴን ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ይዤ ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ሄጄ ነበር። ኮምፒውተሩ በየመሀሉ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ የሚጠፋ ሲሆን፣ ቀደም ሲል ያየው ባለሙያ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚገናኙበት ዋናው ሰሌዳ) ተበላሽቷልና ይቀየር ብሏት ነበር። የዛሬው ወጣት ግን ብሎን መፍቻውን ከማንሳቱ በፊት ሜምቴስት86 የተባለ መመርመሪያ ፕሮግራም ያለበትን ፍላሽ ሰክቶ ኮምፒውተሩን ከዚያው አስነሳው።

ፕሮግራሙ በራሙ (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃን ለጊዜው በሚይዝበት ክፍል) ላይ የታወቀ መረጃ ይጽፍና መልሶ ያነባል፤ የተነበበው ከተጻፈው ከተለየ፣ ስህተቱ የተገኘበትን አድራሻ በቀይ ያሳያል። ጥቂት ቆይቶ ቀዮቹ መስመሮች ተደራርበው መጡ። ልጁ ግን «ይቆዩ፣ ገና አልጨረስንም» ብሎ ሁለቱን ራሞች አወጣና በአንድ ማስገቢያ ላይ እያፈራረቀ ለየብቻ ፈተናቸው። አንደኛው ያለ ምንም ስህተት አለፈ፤ ሌላው በዚያው ማስገቢያ ላይ ቀዩን መስመር ደገመው። ጥፋቱ የማዘርቦርዱ ሳይሆን የዚያ ራም መሆኑ የተረጋገጠው እንዲህ ነው።

ይህን ትዕግሥቱን ከልብ አከበርኩለት። በግምት ዕቃ መቀየር ደንበኛውን ለከንቱ ወጪ ይዳርገዋል፤ ከመመርመሪያዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ በነጻ የሚገኙ ናቸው። ዊንዶውስ ራሱ የራም መመርመሪያ አለው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ፕሮግራምም ሃርድ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን አንብቦ፣ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩትን ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ የመረጃ መያዣ ክፍሎች) ብዛት ያሳያል፤ ይህ ቁጥር እየጨመረ ከሄደ፣ ዲስኩ ገና እየሠራ ሳለ ፋይሎችን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል።