ፍላሽ ያስጣለኝ ሳምባ

ደሴ ፒያሳ ላይ ከእህቴ ጋር የምንሠራባት አንዲት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችን። የእሷ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 ነው፤ ፕሪንተሩም እሱ ላይ ነው የተሰካው። የኔው አሮጌ ነው። ዊንዶውስ ሲከብደው ጊዜ በእሱ ፋንታ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ሥርዓት ጫንኩበት።

ዓመት ሙሉ ፋይል ያመላለስነው በፍላሽ ነው። ከወንበሬ እስከ እሷ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ በቀን ስንቴ እንደምነሳ ግን ቤት ይቁጠረው። አንድ ቀን የሠርግ ቪዲዮ ላሻግር ብል እምቢ አለኝ። ፍላሹ 32 ጊጋ፣ ያውም ባዶ። ቪዲዮው 6 ጊጋ አይሞላም። ለካ የፍላሹ ፎርማት ፋት32 ኖሯል። ፋት32 ደግሞ አንድ ፋይል 4 ጊጋ ከደረሰ አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት ፎርማት ባደርገው ያልፍልኝ ነበር፤ እኔ ግን ፍላሽ የሚባል ነገር መሮኝ ነበር።

ሁለቱም ኮምፒውተሮች አንድ ራውተር ላይ ናቸው። የቀረው ቋንቋ ለቋንቋ ማግባባት ነው። ዊንዶውስ ፋይል የሚጋራው ኤስኤምቢ በሚባል መግባቢያ ነው። ሊኑክስን ይህን ቋንቋ የሚያናግረው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ ሳምባ ይባላል። አንድሪው ትሪጅል የተባለ አውስትራሊያዊ ነው የጀመረው። ስሙንም ያገኘው ኤስ፣ ኤም እና ቢ በተርታ ያሉበትን ቃል ከመዝገበ ቃላት ፈልጎ ነው። እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ የነገረው ያለ አይመስለኝም።

«ሳምባ ልጭን ነው» ስላት እህቴ ሳቀች። «በዚህ በጦሳ ብርድ መጀመሪያ የራስህን ጠብቅ!»

መጫኑ ደቂቃም አልፈጀ። «የጋራ» የሚል ፎልደር ከፍቼ አድራሻውን ሳምባ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ጻፍኩ። ከዚያ ግማሽ ቀን የበላኝ የይለፍ ቃል ነው። የኡቡንቱውን ባስገባው ባስገባው ስህተት ነው ይላል። ሳምባ የራሱን የይለፍ ቃል ለብቻ እንደሚይዝ አላወቅሁማ!

እሱ ሲፈታ ደግሞ ዊንዶውሱ የኔን ኮምፒውተር ኔትወርክ መስኮቱ ላይ አያሳየኝም። ድሮ ያሳይ የነበረው በአሮጌው የኤስኤምቢ ስሪት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው የኮምፒውተር ቫይረስ ዓለምን ያመሰው በዚያው ስሪት ቀዳዳ ገብቶ ነው፤ ከዚያው ዓመት መጨረሻ ወዲህ ዊንዶውስ 10 አዲስ ሲጫን አብሮ አይመጣም። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ አሮጌውን መልሶ ይከፍታል። እኔ አልመክርም። ዊንዶውሱ ላይ የፎልደር መስኮት ከፍቶ አናቱ ላይ ባለው የአድራሻ ቦታ ሁለት ወደ ኋላ የተጋደሙ ጭረቶችን አስቀድሞ የኔን ኮምፒውተር አይፒ፣ ማለትም የኔትወርክ አድራሻውን ቁጥር፣ መጻፍ ብቻ ነው። ተከፈተ!

በማግስቱ መብራት ሄዶ ሲመጣ ያ ፎልደር ጠፋ። ራውተሩ ሌላ አይፒ ሰጥቶኝ ኖሯል። ገብቼ ቋሚ አደረግሁት።

ያልጠበቅሁት ችግር የመጣው ከስም ነው። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ስታመጣ ሙሉ ርዕሱን የፋይሉ ስም አድርጋዋለች። ዊንዶውሱ ላይ ደህና ተቀመጠ፤ ወደ ኡቡንቱ ግን አልሻገር አለ። ዊንዶውስ የፋይል ስም ሲለካ 255 ፊደል ይቆጥራል። ሊኑክሱ የሚቆጥረው 255 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይበላል። ስለዚህ በአማርኛ 85 ፊደል ላይ በቃ። ፈረንጅ ይህ ችግር መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። ሌላው ሰዓት ነው። እኔ «ስብሰባ 8:30» ብዬ ያስቀመጥኩት ፋይል እህቴ ጋ ሲደርስ ስሙ የማይነበብ ቅራቅንቦ ሆነ፤ ዊንዶውስ ሁለቱን ነጥብ በስም ውስጥ አይፈቅድማ።

ፊደልም አለ። ኒያላ በሚባለው የፊደል ቅርጽ (ፎንት) የተጻፈ የሠርግ ጥሪ እኔ ጋ ሲከፈት ኒያላ ስለሌለ መስመሩ ተንሸራቶ የሙሽራይቱ ስም ሁለተኛ ገጽ ላይ ወረደ። አሁን ሁለቱም ላይ አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት ጭኛለሁ፤ ያለቀለትን ሥራ ደግሞ በፒዲኤፍ ነው የምልከው።

ባለፈው አንድ አባት ከዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ በፊት የተጻፈ የእድር መተዳደሪያ ደንብ ይዘው መጡ። ፋይሉ በሰላም ተሻገረ። ስከፍተው የላቲን ፊደል ጉራማይሌ ነው።

«ያ ሳምባህ ይህን አያድንም?» አለች እህቴ።

አያድንም። ሽማግሌውን «አብሽሩ አባባ» ብዬ እንደ አዲስ መተየብ ጀመርኩ።