አደይ ሳይረግፍ ምን ይሠራል? ከችቦ እስከ እሸት

ጳጉሜ 5 ከሰዓት በኋላ ወጥቶ ችቦ የሚገዛ ሰው ማታ የሚያገኘው ጭስ ነው። እንጨቱ ነሐሴን ሙሉ ዝናብ ሲጠጣ ሰንብቶ፣ ገበያም ላይ ሸራ ሳይለብስ ተደርድሮ ነው የሚጠብቀው። የመስከረም ሥራ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ክረምቱ ሳይወጣ መፀው ሊገባ ሲል፣ ውሃ የሚፈልገውንና ውሃ የሚጠላውን ለይቶ መያዝ ነው ብልሃቱ። በቆጠራው መፀው የሚገባው መስከረም 26 ነው። አደይ ግን ቆጠራ አይጠብቅም፤ ዝግጅቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይጀመራል፣ ጥቅምትንም ይዞ ይሄዳል።

ችቦውን ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ግዙ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ጭራሮ ገዝቶ ራስ ማሰር ነው። የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ ጭራሮ ይመረጣል። ከዚያ የወፈረው ቶሎ አይያያዝም፣ የቀጠነው ደግሞ «ኢዮሃ አበባዬ» ሳያልቅ ያልቃል። ማድረቂያው ቀላል ነው፦ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማድ ቤት ውስጥ ወይም ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ግድግዳ አስደግፎ ማቆም። ሲሚንቶ ላይ የተጋደመ ጭራሮ ከላይ ሲደርቅ ከሥሩ ይሻግታል። መድረሱን ለማወቅ አንዱን ስበሩት፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከተለመጠ ገና ነው።

ርዝመቱ ለአዋቂ አንድ ሜትር ተኩል ያህል፣ ለልጅም ቢሆን ከአንድ ሜትር አይነስ። «ለልጅ ነው» ተብሎ በክንድ ልክ የሚሠራው ትንሽ ችቦ ከሁሉም አደገኛው ነው፤ እሳቱ ከእጅ በስንዝር ርቀት ላይ ይነዳል። ውፍረቱ በአንድ እጅ የሚጨበጥ ይሁንና በየሁለት ስንዝሩ እሰሩት። እግሩ ላይ ያሉት ሁለት ማሰሪያዎች ጠበቅ፣ አናቱ ላይ ያለው ላላ ይበል። አናቱ አየር ካላገኘ አይቀጣጠልም፤ እግሩ ከላላ ደግሞ እየነደደ ይበተናል። ማሰሪያው ልጥ ነው፣ ልጥ ከጠፋ ቀጭን ሽቦ። በናይለን ገመድና በፌስታል ማሰር ግን አይሞከርም፤ እየቀለጠ እጅ ላይ ይንጠባጠባል። አናቱ መሃል አንድ ጭብጥ ደረቅ ሣር ወሽቁበት፣ ክብሪቱ የሚይዘው እሱን ነው። ነጭ ጋዝ ማርከፍከፍ የተለመደ ቢሆንም ትርፉ ቅንድብ መለብለብ ነው፤ ጋዙ ቦግ ብሎ ሲያልቅ እርጥቡ እንጨት እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። አንድ ባልዲ ውሃ ደጅ ይቀመጥ፤ ችቦው ግማሽ ሲደርስ ከቆሙ መኪናዎችና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ርቆ መሬት ላይ ይሰብሰብ።

መስከረም 16 ለሰፈር ደመራ የሚዋጣውም እንጨት በዚሁ መንገድ ይደርቅ። መስቀል አደባባይ ያለውን ደመራ ማየት የራሱ ክብር አለው፤ ትንንሽ ልጆች ላሉት ሰው ግን የሰፈሩ ይበልጣል። ልጁ ራሱ ያሰረውን ችቦ ይዞ ይዞራል፣ ሲደክመውም ቤቱ ቅርብ ነው።

አደይ የውሃው ወገን ነው። ሲገዛ ሰው ሁሉ አበባውን ነው የሚያየው፤ እናንተ ግንዱን እዩ። ጫፉ ቡኒ ሆኖ የሚያዳልጥ ከሆነ በትናንት ውሃ ሰንብቷል፤ በማግስቱ ይጠወልጋል። ግማሹ እንቡጥ የሆነ እስር ምረጡ። ቤት እንደገባ ጫፉን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በስለት አግድም ቁረጡ፤ መቀስ ቀጭኑን ግንድ ይጨፈልቀውና ውሃ መሳቢያውን ይዘጋዋል። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል በሙሉ መልምሉ። የአበባ ማስቀመጫ ውሃ የሚሸተው በአበባው አይደለም፣ ውሃ ውስጥ በሚበሰብሰው ቅጠል ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ሩብ የሻይ ማንኪያ በረኪና በቂ ነው፤ ስኳሩ ለአበባው፣ በረኪናው ለባክቴሪያው። ውሃው በየቀኑ ይቀየር፣ ማስቀመጫው ከፀሐይም ከሙዝ ሳህንም ይራቅ፤ የሚበስል ፍራፍሬ የሚያወጣው ጋዝ አበባ ያረግፋል።

ከሜዳ ለምትቀጥፉ አንድ ነገር አለ። አደይ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ነው፤ ከነሥሩ የተነቀለበት ሜዳ ለከርሞ ባዶ ይሆናል። በማጭድ ወይም በቢላ ከመሬት ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ከየቁጥቋጦውም ጥቂት አበባ ይቅር። በረንዳ ያለው ሰው ደግሞ ኅዳር ላይ የደረቀውን ራስ ሰብስቦ በወረቀት ፖስታ ያኑርና ሰኔ ሲገባ አንድ ማሰሮ አፈር ላይ ይበትነው። ፕላስቲክ አደይ ከመግዛት ይህ ይሻላል፤ የፕላስቲኩ ቢጫ ከበር ላይ ሆኖ ይሳደባል።

አበባውን አድርቆ ፖስት ካርድ ለመሥራት ጋዜጣ መሃል አስገብቶ ከባድ መጽሐፍ መጫን ይበቃል፤ አሥር ቀን ይፈጃል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። መሃሉ ወፍራም ስለሆነ ጋዜጣውን ከፍ ያደርገውና ቅጠሎቹ ሳይጫኑ ይኮማተራሉ፤ መሃሉ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ካርቶን ቆርጣችሁ ከላዩ አኑሩበት፣ ክብደቱ ቅጠሎቹ ላይ ያርፋል። ሁለተኛው የጋዜጣው መርጠብ ነው፤ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን ካልተቀየረ ቢጫው ወደ ቡኒ ይሄዳል። ሲደርቅ ኮላውን በብሩሽ ስስ አድርጎ መቀባት ነው፣ ከቱቦው በቀጥታ የተጨመቀ ኮላ ወረቀቱን ያጎብጠዋል።

ልጆች እየዞሩ የሚሰጡት የእንቁጣጣሽ ሥዕልም ጠላቱ ውሃ ነው። የደብተር ወረቀት የውሃ ቀለም ሲነካው ይጠቀለላል። ወፍራም የሥዕል ወረቀት ፈልጉ፣ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ጣውላ ላይ ለጥፉና እስኪደርቅ አታንሱት። ቢጫው ይቅደም፣ ቀጥሎ አረንጓዴውና ቀዩ፣ ጥቁሩ መስመር በመጨረሻ። ቀለሙ ሳይደርቅ በማርከር ዙሪያውን ያከበበ ልጅ ጥቁሩ ወደ ፀሐይዋ ፊት ሲፈስበት ያለቅሳል። ለቤት ማስጌጫ የወረቀት አደይም ይሠራል፦ ጎኑ አሥር ሴንቲ ሜትር የሆነ ቢጫ ካሬ ወረቀት ሁለት ጊዜ ለአራት፣ ከዚያ በሰያፍ አንድ ጊዜ ስታጥፉት ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ሰፊውን ወገን እንደ ጥፍር አክብባችሁ ቁረጡት፣ ሲዘረጋ ስምንት ቅጠል ያለው አበባ ነው። ሹሉ ጫፍ የአበባው መሃል ስለሆነ መቀስ አይንካው።

ቄጤማ የሚጎዘጎዘው በዕለቱ ጠዋት ነው፣ ታጥቦና ውሃው በደንብ ተራግፎ። ሴራሚክ ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ አረጋዊ ያለበት ቤት ከሥሩ ሰሌን ይዘርጋ። ምንጣፍ ላይ ሁለት ቀን ካደረ ሽታው ሳምንት አይለቅም።

ወደ ድፎው እንምጣ። ለአንድ መካከለኛ ድፎ 700 ግራም ፉርኖ ዱቄትና 300 ግራም የወፍጮ ስንዴ ዱቄት፣ 700 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ሦስት ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል። ደረቅ የዳቦ እርሾ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ። የእርሾው ልክ ለደጋ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፣ ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝም በቀላሉ ይነፋል። በቆላ ልክ እርሾ የገባበት ድፎ ኦቨን ውስጥ ጉብ ብሎ ቆይቶ መሃሉ ይሰረጉዳል። ዱባይ ወይም ቨርጂኒያ ላላችሁ ሁለት ከሩብ የሻይ ማንኪያ አድርጉት።

ሊጡ እጅ ላይ ትንሽ የሚጣበቅ፣ ግን የማይፈስ ይሁን። «ቀጠነ፣ እጄ ላይ ተጣበቀ» ብሎ ዱቄት መጨመር ነው ድፎን በማግስቱ ድንጋይ የሚያደርገው። አሥር ደቂቃ አሹት፣ ሸፍናችሁ እጥፍ እስኪሆን ተዉት፤ በመስከረም ቅዝቃዜ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሰዓቱን ትታችሁ ሊጡን ተመልከቱ።

እስከዚያው ኮባውን አዘጋጁ። ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ የመሃሉን ወፍራም አጥንት አውጡ፣ ከዚያ ከእሳት ወይም ከምድጃ በላይ ቀስ እያላችሁ አሳልፉት። ደብዛዛው አረንጓዴ ሲያብረቀርቅና ሲለመልም ይታያል፤ ያኔ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ሳይለበለብ የገባ ኮባ መጋጠሚያው ላይ ይቀደድና ሊጡ ሾልኮ ከድስቱ ጋር ይጣበቃል። ውጭ አገር ኮባ የማያገኝ ሰው የእስያ ሸቀጥ ከሚሸጡ ሱቆች የቀዘቀዘ የሙዝ ቅጠል ይግዛ፤ ቀጭን ስለሆነ ሁለት ድርብ ይነጠፍ። ቅጠሉን እያደራረባችሁ ድስቱ ውስጥ አንጥፉ፣ ሊጡን ገልብጡበት፣ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፣ ጫፎቹን ከላይ አልብሱት።

በ200 ዲግሪ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ በ180 አርባ ደቂቃ። ቴርሞሜትር ካላችሁ አዲስ አበባ ላይ መሃሉ 90 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል። የውጭ አዘገጃጀቶች 96 ይላሉ፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እሱን የሚጠብቅ ሰው ቅርፊቱን ያሳርራል። እንደወጣ ኮባውን ግፈፉና ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ ስስ ጨርቅ አልብሱት፤ ቅጠሉ ውስጥ የቆየ ድፎ በራሱ እንፋሎት ሆዱ ይርሳል። ቅቤና እንቁላል ስለሌለው ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የጽጌን ጾም ለሚጾሙም ይሆናል።

የበቆሎ እሸት ሲገዛ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ አንዷን ፍሬ በጥፍር ውጉ። ወተት ካወጣች ለጥብስ ደርሳለች፣ ጥርት ያለ ውሃ ከሆነ ገና ናት፣ እንደ ሊጥ ከሆነች ቀቅሏት። ከተቀጠፈ በኋላ ጣፋጩ በየሰዓቱ ወደ ስታርችነት ስለሚቀየር ማደር አይወድም። የሚጠበሰው በነበልባል ላይ አይደለም፣ ስስ አመድ በለበሰ ፍም ላይ ነው። መጀመሪያ የውስጡን ስስ ልብስ ሳትገፉ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ገፋችሁ እያገላበጣችሁ አሥር ደቂቃ። ከመጀመሪያው ራቁቱን የገባ በቆሎ ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

ለቅዳሜና እሑድ መውጫ ወሳኙ አፈሩ ነው። በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት ዋልካ መሬት ላይ መኪና ማቆም ማለት ትራክተር መጥራት ነው፤ ያኔ አስፋልት የሚደርስበት ቦታ ምረጡ። እንጦጦ ለዚህ ይሆናል። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይወርዳል፤ በጠዋት ወጥቶ ከምሳ በፊት መመለስ ነው። ሰፋ ያለ ቀን ላለው ደብረ ሊባኖስ አለ፤ በሱሉልታ በኩል 100 ኪሎ ሜትር አልፎ ነው። ዝናቡ ከመቆሙ ብዙም ስለማይርቅ በፖርቹጋል ድልድይ በኩል የሚወርደው ውሃ ጉልበት አለው፣ ጭላዳ ዝንጀሮም ገደሉ ላይ አይጠፋም። የድልድዩ አካባቢ ድንጋይ ሲረጥብ ክፉ ነው፤ ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ አይሆንም። ሜዳው ላይ ከሩቅ ቢጫ ሆኖ የሚታየው ሁሉ አደይ አይደለም፤ ግማሹ መጭ የሚባለው አረም ነው፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ የገበሬ ኑግ። ፎቶ ለመነሳት ማሳ ውስጥ መግባት ነውር ነው።

ወንጪን ለጥቅምት አቆዩት። በ2021 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ ከመረጠው ወዲህ ጎብኚው በዝቷል፤ ከተቻለ በሥራ ቀን ይሄዳል። ከአፋፉ እስከ ሐይቁ ያለው ቁልቁለት ሲመለሱ ዳገት ነው፤ ለመልሱ ፈረስ የምትፈልጉ ከሆነ ዋጋውን ሳትወርዱ ተነጋገሩ። ወደየትም ብትሄዱ በዚያው ሳምንት መንገዱን ያለፈ ሰው ጠይቁ።

የሽምብራ እሸት የመጨረሻው ነው። ዋልካው ውስጥ በቀረው እርጥበት የሚያድግ ስለሆነ የሚደርሰው ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ በቢሾፍቱ መንገድ ዳር ከነግንዱ በእስር ይሸጣል። ቅጠሉ ያልጠወለገውን፣ ቅርፊቱ በጣት ሲጫኑት ሞላ የሚለውን ምረጡ። ቅጠሉና ቅርፊቱ ላይ ኮምጣጣ አሲድ ስላለ እስሩን እንዳለ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አራግፉት፤ ሳይታጠብ ሲፈለፍል የዋለ ልጅ ከንፈሩ ይቆጣል።