ወዳጅም አይደለ፣ ባዳም አይደለ

ረቡዕ ማታ፣ ኮፐንሃገን

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ኖረብሮ ላይ ባቡር ተሳፍሬ እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ እስከ ሄሌሩፕ ሄድኩ። እዚያ ጉዳይ የለኝም። የማውቀው ሰውም የለም። በጆሮዬ የሚዘፍኑት ልጆች ያደጉት እዚያ ስለሆነ ብቻ ነው።

ባንዱ ሚው ይባላል። እ.ኤ.አ. በዘጠናዎቹ አጋማሽ የሄሌሩፕ ጎረምሶች ያቋቋሙት የሮክ ባንድ ነው። ያኔ ዮናስ ቢያሬ ይዘፍን ነበር። ቦ ማድሰን ጊታር፣ ዮሃን ቮለርት ቤዝ፣ ሲላስ ዮርገንሰን ድራም ይጫወቱ ነበር። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የምሰማው እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡትን "ፍሬንጀርስ" የሚለውን አልበም ነው።

ያሰማችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። አዛውንቶች በሚኖሩበት ቤት አብረን የሌሊት ተረኛ ነበርን። አገር ቤት ቢሆን እትዬ ብዬ የምጠራት ሴት ናት። እዚህ ግን አለቃውም ሽማግሌውም በስሙ ነው የሚጠራው። እሱን ለመልመድ ዓመት ፈጅቶብኛል። አንድ ሌሊት ልብስ እያጣጠፍን ስልኳ ላይ ከፈተችው። የአልበሙ ስም ምን ማለት ነው አልኳት። በእንግሊዝኛ ወዳጅ የሚለውንና ባዳ የሚለውን ቃል አንድ ላይ ሰፍተው የሠሩት ነው አለችኝ። ሙሉ ወዳጅ ያልሆነ፣ ባዳም ያልሆነ ሰው።

"እኛም አለን" አልኳት። የሰላምታ ወዳጅ እንል የለ? በዓይን የምናውቀው፣ መንገድ ላይ "ደህና ነህ?" ብለነው የምናልፈው ሰው። በኋላ ሳስበው ግን ልክ አልነበርኩም። የሰላምታ ወዳጅ ሰላምታው ላይ ያበቃል። የእኛ ነገር እዚያ አላበቃም። ቤቷን አላውቀውም፣ ቤቴን አታውቀውም። የልጆቿን ስም እንኳ አልነገረችኝም። ግን ረቡዕና ዓርብ ወተት እንደማልጠጣ ካየች ጀምሮ ማቀዝቀዣው ውስጥ የአጃ ወተት ጠፍቶ አያውቅም። እኔ አላስቸገርኳትም፣ እሷም አንድ ቀን "ገዛሁልሽ" አላለችኝም። የእነሱ ገና ሲደርስ የዲሴምበር 24ን ሌሊት እኔ እሠራላታለሁ። የእኛ ሲደርስ ደግሞ የጃንዋሪ 6ን ሌሊት እሷ ትሠራልኛለች። እኔ ነጠላዬን ለብሼ ቅዳሴ ቆሜ ሳለሁ እሷ የእኔን አዛውንቶች እያገላበጠች ታስተኛ ነበር። ይህን ሰው ምን ብዬ ልጥራው? ለዚህ ነው ቃሉ የያዘኝ።

አልበሙ ውስጥ አንድ ሌላም የምወደው ነገር አለ። ከ10ሩ ዘፈኖች ብዙዎቹ አዲስ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ2000 በወጡት ሁለት አልበሞቻቸው ላይ ነበሩ። ግን ከዴንማርክ ውጭ ማን ሰምቷቸው? ስለዚህ ሪች ኮስቲ ከሚባል አሜሪካዊ ፕሮዲዩሰር ጋር ሆነው እንደገና ቀረጿቸው። ለማያውቃቸው ሰው ራሳቸውን ከ"ሀ" ጀምረው አስተዋወቁ ማለት ነው። እዚህ አገር ስንት ጊዜ እንዲህ አድርጌያለሁ! ከየት መጣሽ፣ ምን ተማርሽ፣ እናትሽ አሉ ወይ። ያንኑ ታሪክ በአዲስ ቋንቋ፣ ለአዲስ ሰው። መጀመሪያ ይደክመኝ ነበር። አሁን ግን ስደግመው እየጠራልኝ ይሄዳል፣ እኔም ራሴን የምሰማው ያኔ ነው።

የዮናስን ድምፅ እንዴት ልግለጸው? ቀጭንና ንጹሕ ነው፣ ድምፁ ገና ያልጎረነነ ልጅ ይመስላል። ከሥሩ ጊታሩና ድራሙ መሬት ሲያናውጡ እሱ ከላይ ሳይቸኩል ይሄዳል። "ሲሜትሪ" የሚለውን ያኔ ገና ታዳጊ ከነበረች አሜሪካዊት ልጅ ጋር ነው የዘፈነው፣ የሁለቱ ድምፅ አንዳንዴ አይለይም። "ሺ ኬም ሆም ፎር ክሪስማስ" የሚለውን በእነዚህ ቀናት አልነካውም። ለገና ብሎ ቤቱ ስለሚመለስ ሰው ሳስብ ሆዴ ይባባል።

የመጨረሻው ግን ሌላ ነው። "ኮምፎርቲንግ ሳውንድስ" ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ይጠጋል። ሲጀምር ጊታርና ድምፅ ብቻ ነው፣ አጠገብሽ ተቀምጦ የሚያወራሽ ያህል ዝግ ያለ። ወደ መሐል ሲደርስ ዮናስ ቃሉን ይጨርሳል። ዘፈኑ ግን አያልቅም። ያው ዜማ እየተመላለሰ፣ በየዙሩ አንድ ነገር እየተጨመረበት ያድጋል፣ ያድጋል፣ ደረት ውስጥ እስኪሞላ። አንድም ቃል የለም። ኮንሰርታቸውን ብዙ ጊዜ ይዘጉ የነበረው በዚህ ነው ይባላል፣ እውነትም ከሱ በኋላ ምን ይዘፈናል?

ባልደረባዬ ባለፈው ዓርብ ሥራ ለቀቀች። ወደ ምዕራብ ዴንማርክ፣ ወደ ዩላንድ፣ እናቷ ወዳሉበት ልትሄድ ነው። ኬክ ተቆረሰ፣ ቡና ተጠጣ። እኔ ብዙ ልናገር አስቤ በዴኒሽ የመጣልኝ "አመሰግናለሁ" ብቻ ሆነ። አቅፋኝ ስልክ ቁጥሯን ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ቁጥሯ እንኳ አልነበረኝም። ዛሬ ማቀዝቀዣውን ስከፍት ሁለት የአጃ ወተት አገኘሁ። የገና ጾም ላይ መሆናችንን አስታውሳ ነው የሄደችው።

ሄሌሩፕ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር፣ መምሸት ጀምሯል። ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ይመጣል። ጣቢያው ላይ አግዳሚ ወንበር ይዤ የመጨረሻውን ዘፈን ከፈትኩ። ድምፁ አልቆ ሙዚቃው ብቻውን መሄድ ሲጀምር ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። "ሄሌሩፕ ነኝ፣ የመጨረሻውን እየሰማሁ ነው" ብዬ ጻፍኩላት። ዴኒሹን ሁለቴ አስተካከልኩት። ከዚያ ላክሁት።