«ሞቷል» የተባለው ኮምፒውተር

ኮምቦልቻ በምሠራበት መጋዘን የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በኡቡንቱ፣ በአንድ የሊኑክስ ዓይነት ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የሶፍትዌር ማሻሻያ እየጫነ ሳለ መብራት ጠፋ። በማግስቱ ሲከፈት፣ የይለፍ ቃል የሚጠየቅበት ገጽ መምጣት ሲገባው ስክሪኑ ጠቁሮ በግራ ጥግ አንዲት ጭረት ብልጭ ድርግም ትል ጀመር። የሒሳብ ሠራተኛዋ እትዬ «ወላሂ እኔ አልነካሁትም» ብለው ማሉ። የጠረጠራቸው ሰው አልነበረም።

ለዕቃ ርክክብ ሐርቡ ሄጄ ስመለስ ሥራ አስኪያጁ ከደሴ ባለሙያ አስመጥተው ጠበቁኝ። ሰውየው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሲመጣ የያዘው አንድ ፍላሽ ነው፤ በውስጡም ዊንዶውስ።

«ሲስተሙ ሞቷል» አለ፣ የእትዬን ወንበር ይዞ። «ፎርማት ካልተደረገ መፍትሔ የለውም።»

«የደመወዙ መዝገብስ?» አሉ እትዬ።

«መጠባበቂያ ቅጂ አልያዛችሁም?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። የቅርቡን ወር መዝገብ እትዬ ገና በዚያው ማሽን ላይ እየሠሩት ነበር።

መልስ ሳልሰጠው፣ ከሞተው ኮምፒውተር ጋር የተያያዘው ፕሪንተር አጓርቶ አንድ ወረቀት ተፋ። መጋዘን ጠባቂው ከራሱ ኮምፒውተር በኔትወርክ የላከው የዕቃ ወጪ ደረሰኝ ነው። እትዬ ወረቀቱን አንስተው መነጽራቸውን አስተካከሉና «ሬሳ ደረሰኝ ያትማል እንዴ?» አሉ።

«ፕሪንተር ሌላ ነገር ነው» አለ ባለሙያው።

ይህቺ መልስ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ፕሪንተሩ ሌላ ነገር ከሆነ የመግቢያ ገጹም ሌላ ነገር ነው! ሊኑክስ ላይ ያ ገጽ ከብዙ አገልግሎቶች አንዱ ብቻ ነው፤ ኡቡንቱ ውስጥ ጂዲኤም ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ላይትዲኤም የሚባለውን የቀድሞውን የተካው። እርሱ ቢወድቅ የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል፣ ኔትወርኩ፣ የኅትመት አገልግሎቱና የሰዎቹ ፋይሎች አብረው አይወድቁም። ፎርማት እናድርግ ማለት ቁልፍ ጠፋ ብሎ ቤት ማፍረስ ነው።

«አንዴ ልየው» ብዬ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ተጫንኩ። ጥቁሩ ስክሪን በነጭ ፊደል የተጠቃሚ ስም ጠየቀኝ። ገብቼ ማሻሻያውን እንዲቀጥል ባዘው እምቢ አለ፤ ፕሮግራሞችን የሚጭነው ዲፒኬጂ መሐል ላይ ስለተቋረጠ የትኛውን ትእዛዝ በእጄ መስጠት እንዳለብኝ ግን ቃል በቃል ጻፈልኝ። ማንበብ ለሚፈልግ ሰው መድኃኒቱን በሽተኛው ራሱ ይናገራል። ያለኝን አደረግሁ። በግማሽ የቀሩት የፕሮግራም ጥቅሎች አንድ በአንድ እየተዋቀሩ ወረዱ፤ ጂዲኤም 3 ከነርሱ አንዱ ነበር። የጎደሉትን አስሞልቼ አገልግሎቱን እንደገና ሳስነሳው የእትዬ ስም ስክሪኑ መሐል ብቅ አለ።

ባለሙያው ፍላሹን ኪሱ ከቶ የድካሙን ጠየቀ። «ለምርመራ» ተብሎ ተከፈለው። የክፍያ ማዘዣውን ያዘጋጁት እትዬ ናቸው፣ በዚያው ኮምፒውተር።

እኔ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ዩፒኤስ እንዲገዛ በጽሑፍ ጠየቅሁ። የተሰጠኝ መልስ ማስታወቂያ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፦ «ማንኛውም ሠራተኛ በኮምፒውተር ላይ ማሻሻያ መጫን በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ማሻሻያውን የጫነው ግን ሠራተኛ አልነበረም። ኡቡንቱ የደኅንነት ማሻሻያዎችን ማንንም ሳያስፈቅድ ከበስተጀርባ ይጭናል፤ ደግ ያደርጋል፣ የእኛ 22.04 ስሪት እስከ እ.ኤ.አ. 2027 ድረስ ይህ አገልግሎት አለው። ይህንን ለሥራ አስኪያጁ ባስረዳ «መመሪያ መመሪያ ነው» አሉኝ።

እትዬ ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩና እስክሪብቶ አንስተው ከማስታወቂያው ግርጌ «ግልባጭ፦ ለኮምፒውተሩ» ብለው ጻፉበት።