ድሬዳዋና አበባ፦ ሦስተኛ ዓመቴ

ባለፈው ዓመት «ድሬ ላይ አበባ አይሆንም» ብዬ ጽፌላችሁ ነበር። ቃሌን አንስቻለሁ። ይሆናል፤ የእኔዎቹ ናቸው ያልሆኑት።

አዲስ ለገባችሁ፦ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ስመጣ የአበባ ሱሴም አብሮኝ መጣ። ከ2,300 ሜትር በላይ የለመድኩትን እዚህ 1,200 ሜትር አካባቢ ልድገመው ብዬ ፓንዚና ፔቱኒያ በካርቶን ጭኜ ወረድኩ። ፓንዚው ወር አልሞላውም። ፔቱኒያው ትንሽ ተንገታገተ። ከዚያ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀረ። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚሠራ የምትኖሩበት ታውቃላችሁ። ያው ነጭ ነገር የፖቶቼ አፍ ላይም ነበር። ፔቱኒያ እንዲህ ያለ ውሃ ሲደጋገምበት ከአፈሩ ብረት መሳብ ያቅተዋል። እኔ ግን የጠማው መስሎኝ ጠዋትም ማታም አጠጣው ነበር።

ያስቆሙኝ ጎረቤቴ ናቸው። «አንቺ፣ ይሄን አበባ ልታሰምጪው ነው እንዴ?» አሉኝ። (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይታወቅም። እኔ ግን እስካሁን አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ይስቁብኛል።) በራቸው ሥር በተሰነጠቀ ሲሚንቶ መሀል ማንም ያልተከለው ሮዝ ቪንካ በቅሎ ያብባል። ውሃ የሚያገኘው እግራቸውን ሲታጠቡ ነው።

ቪንካ የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር ነው። ሙቀቱን አይፈራም፣ የሚፈራው ረግረግ ነው። ሥሩ ውሃ ውስጥ ከዋለ ይበሰብሳል። በሞቃት አገር ከዓመት ዓመት ይቆያል፤ እኔ ግን ሲያረጅ ስለሚቀጥን በየዓመቱ በአዲስ እተካዋለሁ። የሰፈር ፍየል ግቢ ገብታ ዚኒያዬን ስትግጥ ቪንካውን አልነካችውም። መርዛም ነውና ትንሽ ልጅ ያላችሁ ተጠንቀቁ።

አሁን ወደ ዋናው ስህተቴ ልምጣ። ግንቦት ላይ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ፖት ውስጥ ጣቴን ከተትኩ። ልክ ከድስት የወጣ ገንፎ! አፈሩ እርጥብ ነው፣ ግን ይፈላል። ከላይ አጠጣለሁ፣ ከጎን ሥሩ ይቀቀላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠል ሳይ ከርሜ ሥሩ ያለበትን ቤት አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ጥቁር ፖት አልገዛም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አፉን እቆርጣለሁ፣ ታቹን በጋለ ሚስማር እበሳለሁ፣ ውጭውን ነጭ እቀባለሁ። በብሎኬት ስባሪ ከሲሚንቶው ከፍ አደርገዋለሁ። ጀሪካኖቹን አጠጋግቼ ስደረድር አንዱ ለሌላው ጥላ ይሆናል። አፈሩ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የቆየ ፍግ ነው። ትኩስ ፍግ አትሞክሩ።

መደቡ ላይ የዘንድሮው ጀግና ዚኒያ ነው። ችግኝ ማፍላት አላስፈለገኝም፣ መጋቢት ላይ ዘሩን እዚያው መሬቱ ላይ ዘራሁ። ስንዝር ሲያልፍ ጫፉን ቀነጠስኩት። ያኔ አንጀቴ አልቻለም ነበር፤ ግን አንድ የነበረው ግንድ አራት ቅርንጫፍ አወጣ። በሁለት ወሩ አበበ። የደረቀ ሣር እጎዘጉዝለታለሁ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሥር ሥሩን አጠጣዋለሁ። የጠወለገውን አበባ ቶሎ ስቆርጠው ሌላ ያወጣል። ነሐሴ ላይ ግን ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። በሽታ ነው። አጠጋግቼ ስለተከልኩት አየር አጥቷል። ለከርሞ በመሀሉ 30 ሳንቲም እተዋለሁ።

ማሪጎልድም ነበረኝ፤ አላስቸገረኝም፣ አላስደነቀኝምም።

ፖርቹላካ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ዘሩ ከአቧራ አይሻልም። ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅዬ በተንኩት፣ አፈር አላለበስኩትም፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ቅጠሉ ትንሽ ወፍራም ጣት ይመስላል፣ ስትጨምቁት ውሃ ይወጣዋል። ስንቁን ስለያዘ ሦስት ቀን ብረሳውም አይቀየመኝም። አፈሩን ግማሽ በግማሽ አሸዋ አድርጉለት።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። አበባው ፀሐይ ጠንከር ሲል ይከፈታል፣ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ወጥቼ 11 ሰዓት እገባለሁ። ስወጣ ዝግ፣ ስገባ ዝግ! በገዛ ግቢዬ እሑድ እሑድ ብቻ ነው የማየው።

ስለዚህ ማታ ቡና የምጠጣበትን በረንዳ ለቪንካ ሰጠሁት። አንዱን የፖርቹላካ ጀሪካን ደግሞ ቀን ቀን ቤት ለሚውሉት ለጎረቤቴ በር ላይ አስቀመጥኩላቸው። ማታ ስገባ ሪፖርት አለ፦ «ዛሬ ቀዩ ሰባት ነበር፣ ቢጫው ሁለት»።

የዚኒያ ዘር ግማሽ ፌስታል አለኝ፣ ድሬ ያላችሁ ጻፉልኝ። ቀለም ግን አትምረጡ፤ ንቦቹ ደበላልቀውታል።